ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ከየት? 7660 ቺፕ ወይስ ባለ መሀል ሽቦ ትራንስፎርመር

የማይክ ፕሪአምፕ (የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ሰርኪት) ስትሠሩ ፕላስ 5 ቮልት አለ፣ ማይነሱ የለም። ሁለት መንገድ አለ፦ ፕላሱን ወደ ማይነስ የሚገለብጠው 7660 ቺፕ፣ ወይም ከመሀሉ ሽቦ የወጣለት ትራንስፎርመር።

ዋጋ፦ 7660 አንድ ቺፕና ሁለት ካፓሲተር ነው፣ በቃ። ትራንስፎርመሩ ዳዮድ፣ ትልልቅ ካፓሲተርና ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ቺፕ) ያስጨምራል። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ አምፕሊፋየር የወጣ ካገኛችሁ ግን ይቀላል።

ኖይዝ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። የ7660 ኦሲሌተር (መቀያየሪያው ምት) በ10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ ጆሮ የሚሰማው ነው። ቀጭን ፉጨት ሆኖ ድምፁ ውስጥ ይገባል። 7660ኤስ ከሆነ 1ኛ እግሩን ከ8ኛው ጋር አገናኙት፤ ወደ 35 ኪሎኸርዝ ይወጣል፣ ፉጨቱም ለአብዛኛው ጆሮ አይሰማም። ያም ሆኖ መውጫው ላይ ሬዚስተርና ካፓሲተር አይቅር። ትራንስፎርመሩ ደግሞ የ100 ኸርዝ ሁም (ወፍራም እምምታ) አለው። ኤልኤም 337 (የማይነስ ሬጉሌተር) አድርጉና ከአድጀስት እግሩ ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ጨምሩ፤ አብዛኛውን ይውጠዋል። ለእኔ ጸጥታው እዚህ ይበልጣል።

አቅም፦ 7660 10 ሚሊአምፔር ሲጎተትበት ግማሽ ቮልት ያህል ይወርዳል።

አደጋ፦ ትራንስፎርመሩ 220 ቮልት ነው። ያለ ፊውዝ አትሰኩት!

መብራት ሲጠፋም በባትሪ መሥራት ላለበት ትንሽ ዕቃ 7660 ይሻላል። ብዙ ኦፕ-አምፕ (የማጉያ ቺፕ) ላለው የጠረጴዛ ሚክሰር ትራንስፎርመሩ። ብቻ ከቦርዱ ራቅ ይበል፤ የማግኔት መስኩ ራሱ ሁም ያስገባል።