የአባታችንን የባሕር ላይ ዘመን መጽሐፍ ላደረገችልን የጠባሴዋ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያ ለማመስገን ነው፤ ሣጥናችሁ ውስጥ የአባት ወይም የአያት ደብተር ያስቀመጣችሁ ካላችሁም ወዴት እንደምትወስዱት ለመጠቆም። ባለሙያዋ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ሲገባባት የምትሞላ የጽሕፈት ቤት አላት። በሩ ላይ «ትየባ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥራዝ» የሚል ተጽፏል። ለእኛ የሠራችልን ሥራ ግን ከሦስቱ በየትኛውም ውስጥ አይገባም። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ አጥብቃ ስለለመነችኝ እዚህ አልጠራትም።

አባታችን የመንዝ ሰው ናቸው። መሐል ሜዳ አካባቢ ተወልደው፣ ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ተቀብለው፣ ቤተ ዘመድ ለቅስና ሲያስባቸው እሳቸው ወደ አሰብ ወረዱ። የአጎታቸው ልጅ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እስከ ጣርማ በር በእግር፣ ከዚያ ደግሞ በጭነት መኪና፤ ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፈው፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን እያሉ ባሕር ላይ ደረሱ። «ባሕር ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱ በደጃችን እያለፈ ማንም አይከተለውም እንጂ» ይላሉ። መጀመሪያ ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆኑ። በኋላ፣ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ በነበረው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ተቀጥረው ወለል ከማጠብ ጀምረው መሪ እስከ መጨበጥ ደረሱ።

በዚያ ዘመን መርከብ ላይ የጻፏቸው ደብተሮች አሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት ተቀምጠው የጨመሩባቸውም አሉ። አንዳንዱ ገጽ ጨው በልቶታል፤ አንዳንዱን እኛ ልጆቻቸው በሕፃንነታችን ሥዕል ሥለንበታል። ይህ ሁሉ ሳይጠፋ መጽሐፍ ይሁን ብለን መጀመሪያ የሰጠነው አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የጽሕፈት ቤት ነበር። ቶሎ ሠሩት፤ በዚህ አልከሳቸውም። ሽፋኑ ላይ ግን ባለ መዋኛ ገንዳ የቱሪስት መርከብ አስቀመጡበት። ዕድሜያቸውን በቡና ጆንያና በሌጦ ጭነት ላይ ላሳለፉ ሰው! ሽፋን ግን ይቀየራል። የባሰው ውስጡ ነበር። አንዱ ገጽ «በ1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ» ይላል። ትንሽ ገልበጥ አድርጋችሁ ስታነቡ ደግሞ «በ1967 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ» ይላል። ታናሽ ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» አለ። አባታችን ሰምተው ምንም አልመለሱም፤ ለብዙ ጊዜም ስለ መጽሐፉ ማውራት ተዉ።

የጠባሴዋን ባለሙያ የጠቆመን የሠፈር ሰው ነው። የታተመውን ሰጠኋት። ጥቂት ገጾች አንብባ መለሰችልኝና «ወንድሜ፣ ይህ አይረባኝም፤ ደብተሮቹን አምጣልኝ» አለች። ወሰድኩላት። እንቆቅልሹን የፈታችው ገና አንድ ፊደል ሳትተይብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስለነበሩ በራሳቸው የሚቆጥሩትን ቀን፣ ማለትም በዓሉን፣ ጾሙን፣ ከቤት ደብዳቤ የደረሳቸውን ዕለት፣ በግዕዝ ቁጥር ይጽፋሉ። ከመርከቡ መዝገብ የገለበጡትን ግን እንደ መዝገቡ በፈረንጅ ቁጥርና በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀምጣሉ። የቀድሞዎቹ ተያቢዎች «አንባቢ አይገባውም» ብለው የግዕዙን ሁሉ ወደ ተለመደው አኃዝ ለወጡት፤ ሁለቱ ዘመናት አንድ ላይ ተደባለቁ። ቀይ ባሕርን ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚያገናኘው የስዊዝ ቦይ የተዘጋው እስራኤልና የዓረብ አገሮች በተዋጉበት በስድስቱ ቀን ጦርነት ነው። ጦርነቱ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1967፣ በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ነበር። ቦዩ ተመልሶ የተከፈተው ደግሞ በእነሱ 1975፣ በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «1967 ተዘጋ» የሚለውም፣ «፲፱፻፷፯ ተከፈተ» የሚለውም ልክ ነው። ሽማግሌው አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። ይህን ለአባታችን የነገረቻቸው ራሷ ናት፤ ቤት ድረስ መጥታ፣ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ወንድሜም እዚያው ተቀምጦ እየሰማ። አባታችን ቡና እንዲደገም አዘዙ።

በዚህ ቦታ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ካልተረዳ የመጽሐፉ ግማሽ ትርጉም የለውም። ከአሰብ ተነስቶ ሐምቡርግ የሚሄድ መርከብ ሞምባሳ አጠገብ ምን ይሠራል? የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ኬፕ ድረስስ ለምን ይወርዳል? ቦዩ ዝግ ስለነበረ ነው። የአባታችን የወጣትነት ጉዞ በሙሉ በባብ ኤል መንደብ ወጥቶ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ በአትላንቲክ ሽቅብ የሚወጣ ነበር። እሷ ይህን አንድ አንቀጽ አድርጋ መግቢያው ላይ አስገባች፤ ካርታም ሣለችበት። ካርታው ላይ ከአሰብ ወደ ኋላ አንድ መስመር ሰድዳ መሐል ሜዳንም ነጥብ አድርጋ አስቀምጣለች።

ሌላም አለ። ከሁሉም ጉዞዎች ረጅሙ፣ ማዕበል ያለበት፣ ዓመተ ምሕረት አልነበረውም። አባታችንም ማስታወስ አልቻሉም። ደብተሩ የሚለው «ፋሲካን ሚያዝያ ፳፩ ቀን፣ ኬፕን አልፈን፣ ባሕር ላይ ዋልን» ብቻ ነው። ባለሙያዋ ይህችን አንዲት መስመር ይዛ ሠፈሯ ውስጥ ወዳሉ የአብነት መምህር ሄደች። መምህሩ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚቀመርበትን ባሕረ ሐሳብ አወጡት፤ በ1965 ዓ.ም. አበቅቴ 26፣ መጥቅዕ 4፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 12፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 21። ቦዩ በተዘጋባቸው ዓመታት ውስጥ ፋሲካ በዚያ ቀን የዋለው በ1965 ብቻ ነው። ጉዞው ዓመቱን አገኘ። አባታችን ያን ጊዜ መርከቡ ላይ ቀኑን ያወቁት እንደ መምህሩ ቀምረው ነበርና ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ከእኛ በሳምንት ይቀድም ነበር፤ መኮንኖቹ እንቁላልና ሥጋ ሲበሉ አባታችን በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ። በሳምንቱ ወጥ ቤቱ ሳይጠየቅ ስድስት እንቁላል ቀቅሎ ካቢናቸው በር ላይ አስቀመጠላቸው። ይህን ታሪክ እኛ ልጆቻቸው ሰምተነው አናውቅም ነበር።

መጠየቅ ትችልበታለች። ኬፕ ላይ አባታችን የጻፉት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተራራው እንደ መንዝ አምባ አናቱ ሜዳ ነው። ከሩቅ አየነው፣ አልወረድንም።» እሷ «አባባ፣ ለምን አልወረዱም?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው በቴፕ የተቀዳ ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ መንግሥት ጋር በጥል ላይ ነበረች። ከላይቤሪያ ጋር ሆና በ1953 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ከስሳዋለች። የእኛ ሰንደቅ ዓላማ ያለበት መርከብ ያንን ወደብ እያየ ያልፋል እንጂ አይገባም። አባታችን ጉዳዩን የሚያውቁት በፖለቲካ አልነበረም፤ ውኃና አትክልት እያለቀ በተራራው ሥር ማለፍ ምን እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ሐምቡርግ የደረሱበት ክፍልም እንዲሁ በጥያቄ የወጣ ነው። ባሕሩ አልቆ መርከቡ ኤልባ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሬት ሲዘልቅ «አሁንስ ጠፋን» ብለው ነበር። ቅዝቃዜው ግን አላስደነቃቸውም። መንዝ ውርጭ ላይ ላደገ ሰው በረዶ ምን ያደርገዋል ብለው፣ የእናታቸውን የበግ ጠጉር ባና ደርበው የተነሱት ፎቶ አለ፤ ያ ፎቶ አሁን ሽፋኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ባለሙያዋ ደውላ «እናታችሁ የታሉ?» አለችኝ። ቤት ናቸው አልኳት። «መጽሐፉ ውስጥ ማለቴ ነው» አለች። እውነቷን ነው። አባታችን እናታችንን የጠቀሱት ሲጋቡና የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ብቻ ነበር። በማግሥቱ መጣች። አባታችንን በአክብሮት ወደ ውጭ አስወጣቻቸውና ከእናታችን ጋር ለብቻቸው ተቀመጡ። ስለዚያ ሰዓት የማውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

የተጻፈው ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ባል ባሕር ላይ ሳለ እናታችን የበግ ጠጉር እየፈተሉ፣ ለሸማኔ እየሰጡ፣ ባናውን ገበያ እያወጡ እኛን አሳደጉ። ደብዳቤ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሲመጣም የሚያነብላቸው ሌላ ሰው ስለሆነ አባታችን የልባቸውን አይጽፉም፣ እሳቸውም የልባቸውን አያጽፉም። እንዲህ የሚል ቦታ አለው፤ «ባሕር ላይ የሞተ ሰው የት ይቀበራል ብዬ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። ዝም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አልጠየቅኩም።» አባታችን ይህን ያነበቡት እንደ ማናችንም ታትሞ ነው።

ስለ ሐቀኝነቷ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ረጅም ጉዞ ሲመለሱ አባታችን ከአሰብ በጭነት መኪና ወደ አገር ቤት ሲወጡ በወሎ ረሃብ መሐል ነው ያለፉት። በባቲና በኮምቦልቻ መካከል በመንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሰው አዩ። ከሐምቡርግ የገዙት ሬዲዮ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ያ ገጽ አጭር ነው፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ተቋርጧል። የአዲስ አበባዎቹ በራሳቸው ቃል ሞልተውት፣ የሚያስለቅስ መዝጊያ ሰጥተውት ነበር። እሷ መሙያውን አውጥታ እንደ ተቋረጠ ተወችው። መጀመሪያ ግን አባታችንን ጠይቃለች። «እዚያ ላይ ነው ብዕሬን ያስቀመጥኩት» አሏት። እሷም እዚያ ላይ ቆመች።

እንግዲህ ሥራዋን ለምትፈልጉ፤ ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ቀርፋፋ ናት። ነገ ትጨርሳለች ብላችሁ ለምረቃ ወይም ለሙት ዓመት ቀን ቆርጣችሁ አትሂዱ። ስልክ አታነሳም፤ ቢሮዋ ሄዶ ማግኘት ይሻላል። እሑድና በዓል ዝግ ነው፣ የበዓል አቆጣጠሯ ደግሞ ከመንግሥት የረዘመ ነው። ዋጋዋ ከአዲስ አበባው ያነሰ ቢሆንም የገጽ ሒሳብ እንጂ የሰዓት ሒሳብ ስለማታውቅ እኔ በበኩሌ ተጎዳች ባይ ነኝ፤ የምትችሉ ጨመር አድርጉላት። በስልክ ካሜራ የተነሳ ገጽ አትቀበልም፣ ዋናውን ደብተር ትፈልጋለች። ስትረከብ ገጹን ቆጥራ ደረሰኝ ትሰጣለች፣ ስትመልስም አብራችሁ ትቆጥራላችሁ። አባታችሁ ያላሉትን አሳምራ እንድትጽፍላችሁ ከፈለጋችሁ ግን አትድከሙ። ባለጉዳዩ በሕይወት ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ከደረጃው በታች ወንበር አውጥታ ታስቀምጣቸዋለች።

አድራሻዋን በመልእክት ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሥራዋን አስቀድሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ደብረ ብርሃን ከመጣ መጽሐፉን ቤት ድረስ መጥቶ ማየት ይችላል። ማዋስን አባታችን ከልክለዋል።