ስልኬ በጅማ ዋይፋይ ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

አንድሮይድ 13 የተጫነበትን ይህን መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በየዕለቱ እየተጠቀምሁበት ነው። ስለ ካሜራውና ስለ ስክሪኑ የሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ እኔ በዋይፋይ አያያዙ ላይ ብቻ አተኩራለሁ፤ ቤቴ ኮቺ፣ ሥራዬ ሕርማታ፣ ማምሻዬም አጂፕ አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ስለሆነ፣ ስልኩ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚያሳየው ብቃት ከምንም በላይ ያሳስበኛል።

ዋይፋዩ እንደተከፈተ በአቅራቢያ ያሉት ኔትወርኮች ይዘረዘራሉ። ራውተሮች፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጩት መሣሪያዎች፣ ስማቸውን በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ያህል በሬዲዮ ስለሚያስተላልፉ ስልኩ እነሱን አዳምጦ ከነጥንካሬያቸው ያሳያል፤ በዚህ በኩል ቅር ያሰኘኝ ነገር የለም።

ከሁሉ የወደድሁት ግን ራውተር መያዝና ኢንተርኔት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስልኩ ለይቶ ማወቁ ነው። እንደተገናኘ ወደ አንድ የጉግል ሰርቨር ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ ባዶ መሆን በሚገባው መልስ ምትክ ሌላ ገጽ ከመጣለት ኔትወርኩ መግቢያ ገጽ እንዳለው ተረድቶ እንድሞላ ይጠይቀኛል፤ መልስ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ ኢንተርኔት እንደሌለ በግልጽ ይጽፍልኛል። ክረምት ላይ ዝናቡና ነጎድጓዱ ሲበረታ ራውተሩ እየበራ መስመሩ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ፣ ይህች አጭር ጽሑፍ ችግሩ የስልኩ ነው ወይስ የመስመሩ እያሉ ከመድከም ታድናለች።

ሆኖም ይኸው ብልህነት ዋጋ ያስከፍላል። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ሲያጣ፣ ወይም መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋ፣ ስልኩ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። መልእክት ለሚጠብቅ ሰው ይህ መልካም ነው፤ ቪዲዮ እያየ ላለ ሰው ግን የገዛው ፓኬጅ ሳያስበው ያልቅበታል። ስለዚህ ዳታ ቆጣቢውን ዘወትር እንደበራ እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከበስተጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎች በሞባይል ዳታ እንዳይጠቀሙ ይገድባቸዋል።

ደካማ ጎኑ በቤት ውስጥ ይታያል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል፤ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ነገር ግን እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎቹ (ሞገዱ የተከፋፈለባቸው መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ይጨናነቃል። ስልኬ ወደ ጓሮ ስወጣ ወደ 2.4 ማለፍ ሲገባው የተዳከመውን 5 ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ዋይፋዩን አጥፍቼ ካላበራሁት አይለቅም። ከዚህ የተሻለ መሥራት ነበረበት።

ከአንድሮይድ 10፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ እንዲህ ያሉ ስልኮች እንዳንከታተል ሲሉ ለየኔትወርኩ የተለያየ የዘፈቀደ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ስልኩ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን መለያ፣ ያቀርባሉ። ይህ ጥበቃ የሚያስመሰግን ነው። በአድራሻ እየመዘገበ በሚያስገባ መሥሪያ ቤት ግን ለአይቲ ባለሙያው መሰጠት ያለበት በስልኩ አጠቃላይ መረጃ ላይ ያለው ሳይሆን በዚያው ኔትወርክ ዝርዝር ገጽ ላይ የሚታየው አድራሻ ነው።

እናቴ ከአጋሮ ስትመጣ የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ማንበብ ቀርቶልናል፤ የእኔ ስልክ ኪዩአር ኮድ ያወጣል፣ የእርሷ ስልክ በካሜራ ያነብበዋል። ኮዱ የይለፍ ቃሉን ሳይደብቅ ስለሚይዝ ግን ፎቶውን ለማንም መላክ አይገባም። የካፌዎችን ክፍት ኔትወርክ በተመለከተ በራሱ እንዲገናኝ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፍቼዋለሁ፤ ስልኩ እንዲህ ያለውን ኔትወርክ የሚለየው በስሙ ስለሆነ ያንኑ ስም የሰጠ ሌላ ሰው ሊያታልለው ይችላል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ስልኩ ሁለቱንም ሞገዶች መቀበሉን ሱቁ ውስጥ ሳለ ያረጋግጥ። የሻጩ ስልክ በ5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት መክፈት የሚችል ከሆነ ያንን አስከፍቶ፣ የአዲሱ ስልክ ዝርዝር ውስጥ ስሙ መምጣቱን ማየት ነው፤ ካልመጣ ያንኑ ዋጋ ከፍሎ የተሻለ መፈለግ ያዋጣል።