ለአጥር የሚሸጥ የቀጋ ችግኝ፦ ችግኙም ሻጩም ሲመዘኑ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ለአጥር የሚሆን የቀጋ ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ አንድ ችግኝ ጣቢያ አለ። ካቻምና ክረምት የግቢዬን አንድ ጎን ያጠርሁት ከዚያ በገዛሁት ችግኝ ነው። አሁን አጥሩ አብቦም አፍርቶም ስለታየ ፍርድ ለመስጠት ጊዜው የደረሰ ይመስለኛል። በአጭሩ ተክሉ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ሲሆን፣ የጣቢያው አሠራር ግን ገዢው ዓይኑን ገልጦ እንዲገዛ የሚያስገድድ ነው።

ቀጋ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው፤ ከእኛ ደጋ ሌላ በቀይ ባሕር ማዶ በየመን ተራሮችም ይገኛል። ከዝዋይና ከሆለታ እርሻዎች ወደ አውሮፓ የሚጫነው ጽጌረዳ ዝርያው ከውጭ የመጣ ሆኖ ሳለ የአገሩ ጽጌረዳ በየገደሉ አፋፍ እየተመነጠረ ለማገዶ መዋሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ተክሉ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ በግምት ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ስለሆነ፣ ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃንና ለጎንደር ነዋሪ የሚመከረውን ያህል ለአዳማ ወይም ለድሬዳዋ ነዋሪ አይመከርም።

ከተማችን ውስጥ አጥር ከቆርቆሮና ከብሎኬት ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው። ጽድ በቶሎ ያድጋል፣ ሲከረከም ግድግዳ ይመስላል፣ ሆኖም ንብ የምትቀስመውም ሆነ ወፍ የምትለቅመው ነገር እምብዛም የለውም። ቀጋ በአንጻሩ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች ያሉት፣ በዘለላ የሚያብብ፣ መዓዛው ከሩቅ የሚጣራ ተክል ነው። የአበባው መሐል ክፍት ስለሆነ ንቦቹ ያለ ችግር ገብተው ብናኙን ይሰበስባሉ፤ ማለዳ ፀሐይ አጥሩን ስትነካው ከእግራቸው ቢጫ ብናኝ ተንጠልጥሎ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ የሚመጣው ብርቱካንማ ቀይ ፍሬ ሲበስል ወፎቹ ይሻሙበታል። ልጆችም ይበሉታል፤ ነገር ግን ውስጡ ካለው ዘር ጋር የተጣበቀው ደቃቅ ፀጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር፣ ፍሬውን ሰንጥቆ ዘሩን አራግፎ ሥጋውን ብቻ መብላት ያሻል። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ኋላ የታጠፈ በመሆኑ የገባበትን ልብስ በቀላሉ አይለቅም፤ ፍየል ሳትቀር ለጋውን ቀንበጥ ብትቀነጥብ እንጂ ሰብራ አታልፍም።

ወደ ሻጩ ስመለስ፣ የችግኞቹ ሥር በደንብ የተያዘ ነበር። ላስቲኩን ቀድጄ ስመለከት አፈሩ ሳይፈርስ ወጣ፤ ሥሩም ከታች ተጠቅልሎ አልታነቀም። ዋጋውም ከተዳቀለው ጽጌረዳ በእጅጉ ይቀንሳል። ጉድለቱ ያለው ምልክት ላይ ነው። በመደቦቹ ላይ የዝርያ ስም የተጻፈበት አንዳች ነገር ስለሌለ፣ ቀጋ ተብለው ከገዛኋቸው መካከል ጥቂቶቹ ሲያብቡ ድርብርብ ሮዝ አበባ ያላቸው የተዳቀሉ ሐረግ ጽጌረዳዎች ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ የቀለም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ በድርብ አበባ ብዙዎቹ ብናኝ ሰጪ ክፍሎች ወደ አበባ ቅጠልነት ስለሚለወጡ ንብ የምታገኘው ነገር ይቀንሳል፣ ፍሬውም እንደዚያው። አቤቱታዬን የሰማው ወጣት ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ሰው ለአጥር ሲገዛ የሚጠይቀን እሾሁን እንጂ አበባውን አይደለም» ሲል መለሰልኝ፤ ይህም ከማስተባበል ይልቅ እውነቱን መናገር ስለሆነ አልተቀየምሁም። ችግኞቹን ያለ ክርክር ለውጠውልኛል፤ ይሁንና ተተኪዎቹ በዕድሜ ስለሚያንሱ በአጥሩ ወገብ ላይ ዛሬም ዝቅ ያለ ቦታ ይታያል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ቁርጥራጩ የተወሰደበትን እናት ተክል እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ በጣቢያው ጓሮ ስላለ አይከለክሉትም።

የሚሰጡት የአተካከል ምክር በከፊል ትክክል ነው። በሁለት ረድፍ፣ እያፈራረቁ፣ በግማሽ ሜትር ርቀት መትከል የተባለው ሠርቶልኛል። በየክረምቱ መጨረሻ አጥብቆ መከርከም የተባለውን ግን አልደግፍም፤ እንደተባለው የከረከምሁት ክፍል በቀጣዩ ጊዜ ያበበው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ያልተነካው ግን በአበባ ተሸፍኖ ነበር። ፍሬው ለወፎች እንዲተርፍ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ግንድ ብቻ እየመረጠ ከሥሩ ቢያወጣ ይሻለዋል። እንደ ጽድ ቀጥ ያለ መስመር የሚወድ፣ ወይም በጠባብ መተላለፊያ ዳር የሚተክል ግን ባይገዛው እመርጣለሁ፤ ቅርንጫፉ ዘንበል እያለ መንገደኛን ይይዛል።

ችግኙን የሚፈልግ ከሰኔ በፊት ማዘዝ ይኖርበታል። ሐምሌ ሲጋመስ ጣቢያው ውስጥ የሚቀረው ሥሩ ላስቲኩን በስቶ መሬት የያዘ ችግኝ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሲነሣ ሥሩ ስለሚበጠስ በቅናሽ ቢሰጥም አያዋጣም።