ለሳቢያኑ መካኒካችን ምስጋና፣ አዲስ መኪና ለምትጠብቁ ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም የሐረር ሰዎች። ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን ለማመስገን ነው። አንዱ ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ያለው የናፍጣ መካኒካችን ነው። ሌላዋ አዲስ አበባ፣ መኪና ያዘዝንበት አስመጪ ቢሮ ውስጥ ትዕዛዝ የምትከታተል ሠራተኛ ናት። የሁለቱንም ስም አላወጣም። እሱ «ፌስቡክ ላይ ስሜን እንዳትጽፊ» ብሎኛል። እሷን ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ጋር ጣጣ ውስጥ እንዳልከታት ብዬ ነው። አድራሻ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቤተሰባችን የሚተዳደረው በአንድ የጭነት መኪና ነው። አባባ በደህናው ዘመን የገዛት ናት። ከድሬ ሲሚንቶ ጭና ሐረርና ጅግጅጋ ታደርሳለች፣ ስትመለስ ያገኘችውን ትጭናለች። እኛም የተማርነው በእሷ ነው። አሁን ግን አርጅታለች። በ2013 ዓ.ም. ያጠራቀምነውን ከተበደርነው ጋር አድርገን አዲስ መኪና አዘዝን። ቅድሚያ ክፍያም ከፈልን። በግማሽ ዓመት ይደርሳል ተባልን።

አልደረሰም። ስንደውል «በሚቀጥለው ወር» ይሉናል። ወሩ ሲደርስ ሌላ ወር ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። አባባ በየማታው «ምን አሉ?» ይላል። የምመልስለት የለኝም። የብድሩ ቀን ግን አንድም ቀን አልዘገየም።

ያቺ የአስመጪው ቢሮ ልጅ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ፋይላችን ወደ እሷ ሲዞር ራሷ ደወለች። «ቁርጡን ልንገርዎት» አለችኝ። «ለዚህ ክረምት አይደርስም። ለሚቀጥለው በጋም ቃል አልገባም። ይደርሳል ብዬ ብዋሽዎት ሥራ ይዋዋሉበታል፣ ከዚያ ሁለታችንም እናፍራለን።» ስልኩን ስዘጋ አልቅሻለሁ። ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ማቀድ ቻልን።

ምክንያቱንም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ብዙዎቻችሁ «ፋብሪካው ለምን ዘገየ» እያላችሁ ስለምትጠይቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮቪድ ሲገባ መኪና አምራቾች ገበያ ይሞታል ብለው የቺፕ (ኮምፒውተር የሚሠራባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ የሚሠሩት ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተርና ስልክ አዞሩ፤ ቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ የሚፈልገው እሱን ነበር። የመኪና ገበያ ሲመለስ መኪና አምራቾቹ ከሰልፉ መጨረሻ ተገኙ። አንድ ቺፕ ተመርቶ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል። አዲስ የቺፕ ፋብሪካ መገንባት ደግሞ ዓመታት ይጠይቃል። የዛሬ ከባድ መኪና ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሬኑም የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ከኮምፒውተሮቹ አንዷ ሳጥን ከጎደለች መኪናው ተሠርቶ አልቆም ከፋብሪካው ግቢ አይወጣም። በ2013 እና በ2014 በየአገሩ እንዲህ የቆሙ መኪኖች ነበሩ።

በዚህ ላይ በየካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት መጣ። ለአውሮፓ መኪና ፋብሪካዎች የኤሌክትሪክ ሽቦ ገጣጥመው የሚልኩ ብዙ ድርጅቶች እዚያ ነበሩ። ማን (MAN) የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በመጋቢት ሽቦ አጥቶ ከባድ መኪና ማምረቱን ለሳምንታት አቁሟል። የእኛ ትዕዛዝ ከሌላ ፋብሪካ ነው። ቢሆንም እሱም ወረፋ ላይ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ያኔ የዶላር ወረፋ ነበር። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) እስኪከፈትልን ድረስ ፋብሪካውም ተራችንን አልያዘልንም።

ልጅቷ በየወሩ መጀመሪያ ትደውል ነበር። ወሬ ባይኖርም ትደውላለች። «ዛሬም አዲስ ነገር የለም» ለማለት ብቻ። ያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ደንበኛ እንደሚቆጣ እያወቀ ስልክ የሚያነሣ ሠራተኛ ስንት አለ? ሻሲው ሲወጣ ነገረችን። ካቢኔው ሲገጠም ነገረችን። አንድ የኤሌክትሪክ ክፍል ጎድሎት ሲቆምም አልደበቀችንም። እግዚአብሔር ይስጣት።

አሁን ወደ መካኒካችን ልምጣ።

አዲሱ እንደማይመጣ ቁርጡን ስናውቅ አሮጊቷን መኪናችንን ይዤ ሳቢያን ሄድኩ። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ጋራዦች ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ ዋጋ ይነግሩኛል፤ ሴት ሆኜ ስቀርብ ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። እሱ ዋጋ አልነገረኝም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አቦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ» አለኝ። «ይህቺ መኪና እስከ መቼ እንድትሠራ ነው የምትፈልጊው? ለጥቂት ወር ከሆነ ጠጋግኜ እሰጥሻለሁ። ከዓመት በላይ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው፣ ገንዘቡም ሌላ ነው።»

እስከዚያ ቀን ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ልክ ነበር። ለጥቂት ወር ተብሎ የሚደረግ ጥገና ዓመት ካለፈበት ገንዘብ ይበላል። ለረጅም ጊዜ ተብሎ የተሠራው ደግሞ አዲሱ መኪና ቶሎ ከመጣ የባከነ ነው። የዚያች ልጅ ቁርጥ ያለ ወሬ ባይኖር ምን እመልስለት ነበር?

የደብተር ወረቀት አወጣና በተራ ጻፈ። ፍሬን መጀመሪያ። ቀጥሎ የሞተር ማቀዝቀዣ። ከዚያ የባሌስትራ ቡሾች፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ንጣፍ ብረት ጫፍ ላይ የሚገቡ ቀለበቶች። ሞተሩ ራሱ መጨረሻ። «ሞተር ቢጠፋ መንገድ ዳር ትቆማላችሁ። ፍሬን ቢጠፋ ግን ደንገጎ ላይ ነው» አለ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ገደማ። በመካከሉ ያለውን የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ሲሚንቶ ጭኖ የወጣ፣ ጭኖም የወረደ ያውቀዋል።

የፍሬኑን ሥራ ቆሜ አይቻለሁ። ጎማዎቹ ወለቁ። ታምቡሮቹን (የፍሬን ሸራው የሚይዛቸውን ክብ ብረቶች) አንድ በአንድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ ነካ ያደርጋቸዋል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ድምፁም ይቆያል። አንደኛው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ደገመው፣ ያው ነው። በናፍጣ አጥቦ ከሥሩ ሙያ ለሚማሩት ልጆች አሳያቸው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከውስጥ በኩል ተጋድማለች። ሁለተኛውን በመለኪያ ለካው። ጠርዙ ላይ ከተጻፈው መጠን አልፎ ሰፍቷል። «ይህን ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ላይ ልላጨው ብል ይላጫል፣ ይሳሳል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል» አለ። ሁለቱንም አልገጥምም አለ።

ያን ጊዜ ታምቡር ከገበያ የጠፋበት ሰዓት ነበር። የተገኘውም እሳት ነው። ሹፌራችን «እንደ ምንም ግጠምልን፣ ጭነት ተይዞብናል» ብሎ ለመነው። ጭነቱም እውነት ነው፣ ቀኑ ደርሷል። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። «ገንዘብሽን አልወስድም፣ መኪናዋንም አላስወጣም» አለኝ። ከዚያ ራሱ ስልክ ይዞ ሻጮችን ሁሉ ጠየቀ። አዳማ ተገኘ። እስኪመጣ ቆምን። ጭነቱን ሌላ ሰው ወሰደው። ዛሬ ሹፌራችን ልጆቹ ጋር እራት የሚበላው በዚያ እምቢታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኤግዞስት ብሬኩን (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየውን) ነገር ደግሞ እኛ ረስተነው ነበር። በጥቀርሻ ተጣብቆ ከቆመ ቆይቷል። ሹፌሩም መሥራቱን አያስታውስም። መካኒካችን ፈታው፣ አጠበው፣ አላወሰው። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን የምንወርደው በዝቅተኛ ማርሽና በሞተሩ ጉልበት ነው። የፍሬን ሸራውም ቆየልን።

የማቀዝቀዣውንም ልንገራችሁ፤ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ድሬ ይሞቃል። ሞተር ሲግል «ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት» የማይል የለም። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቅ በር ነው። መካኒካችን መልሶ አዲስ አስገባ። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ከወጣ ውሃው በአቋራጭ መንገድ እየዞረ ራዲያተሩን በደንብ ሳያገኝ ይመለሳል። ዳገት ላይ የባሰ ይግላል። ሌሊት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ይበላል። ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ፣ ደንገጎም ውሃ ለመጨመር ሳይቆም ተወጣ።

የባሌስትራ ቡሽ ግን በየትም አልተገኘም። እሱ አልተጨነቀም። አሮጌውን ይዞ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ከነሐስ አስቀረጸ፣ ልኩን ራሱ ቆሞ አስተካከለ። ሥራውን የለመደው ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ሽማግሌዎች እጅ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ጀምሮ በዚያ ግቢ ስንት የእጅ ባለሙያ ወጥቷል። ዕቃ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልለመዱም። የሚቀረጸውን ቀርጸው፣ የሚበየደውን በይደው ነው ባቡሩን ያቆዩት። ያ ሙያ በእሱ እጅ ላይ አለ። አሁን ከሥሩ ያሉት ልጆችም እየወሰዱት ነው። ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ሂሳቡስ? ዕቃ ራሴ እንድገዛ ቁጥሩን ጽፎ ይሰጠኛል። ኦሪጅናሉን ከኮፒው እንዴት እንደምለይ ያስረዳኛል። የወለቀውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ «ያንቺ ነው፣ ውሰጂ» ይለኛል። መጀመሪያ ምን አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሌላ መካኒክ «ይህ አልተቀየረም» ቢል ማስረጃዬ እሱ ሆነ።

ሞተሩን በመጨረሻ አላወረደውም። የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካና «ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) አንሥቼ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) ልቀይር፣ ፒስተኑ ይቆይ፣ ይበቃሻል» አለኝ። ሞተር ማውረድ ለእሱ ትልቅ ገንዘብ ነበር።

ለጥቆማው እንዲሆን ደካማ ጎኑንም ልንገራችሁ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ወረፋ አለ። ቸኩዬ ነኝ ለሚል ሰው አይሆንም። ኮምፒውተር የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ አልነካም ይላል፣ ወደሚችል ሰው ይልካችኋል። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋል።

በነሐሴ 2014 የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ሲመረቅ «ሥራ መጣ፣ እኛ መኪና የለንም» ብለን ተጨንቀን ነበር። አሮጊቷ ግን ትሠራ ነበር። ብድሩም በእሷ ገቢ ተከፈለ።

አዲሱ መኪና አሁን ድሬ ገብቷል። አባባ እየዞረ ጎማውን ሲነካ ዋለ። መካኒካችንን ጠራነው። አይቶ መረቀን፣ ቡና ጠጣ፣ ከዚያ «ዋስትናው እስኪያልቅ እኔ ጋ እንዳታመጡት» አለን። ሰርቪሱን በጊዜው ኩባንያው ጋር አሠሩ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ አለ። ለሹፌራችን ደግሞ ለብቻ ነገረው፦ «ተጨማሪ መብራት፣ ጡሩምባ፣ ጌጥ እያልክ ሽቦ እንዳትቆርጥ። አንዲት ሳጥን ብትቃጠል እንደገና ወረፋ ነው።» ሹፌራችን ጌጥ ይወዳል፣ ግን ሰማው።

አሮጊቷን አንሸጣትም። የሐረሩን መስመር እሷ ይዛለች። አዲሱ ጅቡቲ ይሠራል።

አዲስ መኪና አዛችሁ ለምትጠብቁ፦ አስመጪያችሁን «መቼ ይደርሳል?» ብቻ አትበሉ። ኤልሲ ተከፍቷል ወይ? ፋብሪካው የማምረቻ ተራ ሰጥቷል ወይ? ሻሲ ቁጥር ወጥቷል ወይ? መርከብ ላይ ተጭኗል ወይ? ብላችሁ በተራ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ የያዛችሁትን መኪና ለስንት ጊዜ እንደምትጠግኑ ወስኑና ወደ ሳቢያን ሂዱ።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ለእናንተም ለእሱም አይመችም። መኪናውን የሚነዳውን ሹፌር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከባለቤቱ ይልቅ እሱን ነው የሚጠይቀው። የድሮ የጥገና ወረቀት ካላችሁም አትርሱ። ሰልፍ ካለ ጎን ካለችው ሻይ ቤት ጠብቁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ልጆቹ መጥተው ይጠሯችኋል።