ለደም ካንዲዳ፦ ኢቴስት ወይስ ብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን?

ካንዲዳ የተባለው እርሾ ከታካሚ ደም ካልቸር (ተዋህስያንን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ሲወጣ "ፍሉኮናዞል የተባለው ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ይሠራል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም።

ለዚህ ዋናው መለኪያ ብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን (እርሾውን በፈሳሽ ማሳደጊያ ውስጥ በተለያየ የመድኃኒት መጠን መፈተን) ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ መድኃኒቱ በእጥፍ እየቀጠነ ይደረደራል፤ ፍሉኮናዞል ከሆነ ከ24 ሰዓት በኋላ እድገቱ መድኃኒት ከሌለበት ጉድጓድ ጋር ሲተያይ በግማሽ ያህል የቀነሰበት ዝቅተኛ መጠን ይነበባል። ዝግጅቱ ግን ልፋት አለው።

ኢቴስት ይቀላል። እርሾው የተዘራበት አጋር (ጄል መሰል ማሳደጊያ) ላይ መድኃኒቱ ከብዙ ወደ ጥቂት የተደረደረበትንና መጠኑ በቁጥር የተጻፈበትን ስትሪፕ ታስቀምጣላችሁ፣ በማግስቱ ሞላላው ጥርት ያለ ቦታ ስትሪፑን የሚነካበትን ቁጥር ታነባላችሁ። ጣጣው አዞሎች (ፍሉኮናዞል ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ) ላይ ነው፤ እዚያ ቦታ ውስጥ ጥቃቅን ኮሎኒዎች እንደ ጭጋግ ይቀራሉ፣ እነሱን የቆጠረ ባለሙያ በመድኃኒቱ የሚሸነፈውን እርሾ "ተቋቁሟል" ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ጥቂት ናሙና ለሚያይ ላብ ኢቴስትን እመርጣለሁ፤ አጠራጣሪው ውጤት ግን በማይክሮዳይሉሽን ይረጋገጥ። ካንዲዳው ክሩሴይ የተባለው ዝርያ ከሆነ ለፍሉኮናዞል በሁለቱም አትድከሙ፣ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል።