የጨነገፉ ጽንሶች የዘረመል ምርመራ፦ መቼ ይከፈልበት?

በደቡብ እስራኤል በአንድ ሞሻቭ (የገበሬዎች የኅብረት መንደር) የወተት ላሞች በረት ኃላፊ ነኝ። ባለፈው የዝናብ ወቅት አራት ላሞች ተከታትለው ጨነገፉብኝ፤ ሁሉም በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር እርግዝና ላይ ነበሩ። ኒኦስፖራ ካኒነም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ላሞችን የሚያስጨነግፈው በአብዛኛው በዚሁ ጊዜ ነው። ጽንሶቹን ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ላክሁ፤ ከመደበኛው ምርመራ ሌላ የተሕዋሱን የዘረመል ዓይነት የሚለየውን አዲስ አገልግሎታቸውንም አዘዝሁ። በሌሎች በረቶች የምትሠሩ ወገኖቼ ዋጋ አለው ወይ ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መደበኛው ምርመራ እጅግ ጥሩ ነው። ከጽንሱ አንጎል ናሙና ወስደው ጥቂት ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው በፒሲአር ምርመራ የተሕዋሱን ዲኤንኤ ይፈልጋሉ፤ የአንጎሉንና የልቡን ጉዳት በማይክሮስኮፕ አይተው ይጽፋሉ፤ የእናቲቱን ደም ለፀረ እንግዳ አካል ይመረምራሉ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በላሚቱ ደም ላይ ምልክቱ መገኘቱ ብቻ ጽንሱን የገደለው ይህ ተሕዋስ ነው አያሰኝም። ተሸካሚ ከሆኑት ላሞች ብዙዎቹ በማኅፀን ሳሉ የተያዙ፣ ነገር ግን ጤነኛ የሚመስሉ ጥጆች ይወልዳሉ። ጊደሯም አድጋ በተራዋ ለልጇ ታስተላልፋለች፤ ተሕዋሱ በውሻ ዓይነ ምድር በተበከለ መኖም ይገባል፤ ውሻ ሳያስፈልገው በዘር ሐረግ የሚዘልቀው ግን በዚህ መንገድ ነው።

በአራቱም ጽንሶች ውስጥ ተሕዋሱ ተገኘ። የዘረመል ውጤቱ ግን ብዙ ሳምንታት ወሰደ፤ ክፍያውም ከመደበኛው እጥፍ በላይ ነው። የሚያዩት ማይክሮሳተላይት የሚባሉትን፣ በዲኤንኤው ውስጥ የሚደጋገሙ አጫጭር ቁራጮች ነው። የዚህ ተሕዋስ ዘረመል በዓለም ዙሪያ እጅግ ተመሳሳይ መሆኑ በ2019 በወጣ ሰፊ ጥናት ታይቷል። እነዚህ ቁራጮች ግን ቶሎ ስለሚለዋወጡ አንዱን በረት ከሌላው፣ አንዳንዴም አንዱን ጽንስ ከሌላው ይለያሉ።

የእኔ ውጤት ይህ ነበር፦ ሁለቱ ጽንሶች አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው የተለየ። አንድ ዓይነት ተሕዋስ የተገኘባቸው ሁለቱ እናቶች ከተለያዩ በረቶች የተገዙ፣ ዝምድና የሌላቸው፣ በጊደርነታቸው ሲመረመሩም ነጻ የነበሩ ናቸው፤ አሁን የሚበሉት ግን ከአንድ ገንዳ ነው። የሦስተኛው እናት ደግሞ እዚሁ የተወለደች፣ እናቷም አያቷም ተሸካሚ የሆኑባት ላም ናት። ስለዚህ በበረቴ ሁለት ችግር ጎን ለጎን ነበረ፤ አንዱ በመኖ በኩል አዲስ የገባ፣ ሌላው ከእናት ወደ ልጅ የወረደ። መደበኛው ምርመራ አራቱንም «አለ» ብሎ አንድ ላይ ባስቀመጣቸው ነበር።

ከእኔ ጋር የሚሠሩ የጎንደር ሰው የሆኑ አዛውንት «ልጄ፣ ውሻ የእንግዴ ልጅ ሲጎትት አይተህ ዝም አትበል» ይሉኝ ነበር። ትክክል ናቸው። ውሻ የተያዘ ሥጋ ወይም የእንግዴ ልጅ በልቶ የተሕዋሱን እንቁላል በዓይነ ምድሩ እንደሚያወጣ በ1998 ተረጋግጧል። የእኛ ላሞች ግጦሽ አይወጡም፤ ስለዚህ እንቁላሉ የሚደርስባቸው ከመኖውና ከውኃው ጋር ነው። የመኖውን መጋዘን አጠርን፤ የእንግዴ ልጁንም ወዲያው እናነሣለን። የዚያችን ሦስተኛ ላም ሴት ጥጆች ለእርባታ አናስቀርም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አራተኛው ጽንስ መበስበስ ጀምሮ ስለነበር የዘረመሉ ውጤት ጎደለ፤ ሙሉ ክፍያውን ግን ወሰዱ። ዲኤንኤው እንደማይበቃ ከመደበኛው ፒሲአር መገመት ይችሉ ነበርና ደውለው መጠየቅ ነበረባቸው። ሪፖርቱም የፊደልና የቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ ትርጉሙን ያወጣሁት ከበረቱ የእንስሳት ሐኪም ጋር ቁጭ ብዬ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ በግርጌው የተጻፈችው «ምናልባት ብርቱ ዓይነት» የምትል ማስታወሻ ናት። የተሕዋሱ ዝርያዎች በብርታት እንደሚለያዩ እውነት ነው፤ በስፔን ሁለቱም ከጤነኛ ጥጆች ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ በሙከራ ላይ ጽንስ ሲገድል ሌላው አልገደለም። በቤት ዳጋን ባለው የእስራኤል የእንስሳት ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎችም በዚህ አገር ከጨነገፉ ጽንሶች ካወጧቸው ዝርያዎች አንዱን ሕያው ክትባት አድርገው ሲሞክሩት ውርጃውን ቀንሷል፤ ወደ ጽንስ መተላለፉን ግን አላስቀረም። እንዲህ ያለው የሚታወቀው ላም ላይ ተሞክሮ ነው። ማይክሮሳተላይት ዝምድናን እንጂ ብርታትን አያሳይም፤ ገበሬ ያችን ቃል አንብቦ ደኅና ላም ሊያስወግድ ይችላል።

አንዲት ላም ብቻ ከጨነገፈች ይህን አገልግሎት አትዘዙ፤ ገንዘቡን ለእናቶችና ለጊደሮች የደም ምርመራ አውሉት። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ከጨነገፉ ግን እዘዙ። ጽንሱን በዕለቱ፣ በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዞ ነገር ግን በረዶ ሳይሆን አድርሱት፤ የእያንዳንዷን እናት የዘር ሐረግና የምትበላበትን ገንዳ በማዘዣው ላይ ጻፉ። ዲኤንኤው ካልበቃ ክፍያው እንደሚቀርም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።