«ካምቢዮው አልቆለታል» የተባላችሁ፣ መጀመሪያ እኚህን መካኒክ አማክሩ

አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። በተለይ ካምቢዮ ቀይሩ ተብላችሁ ገንዘብ ፍለጋ ላይ ያላችሁ።

የኔዋ የ1998 ሞዴል ራቭ ፎር ናት። የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ አዳማ ያለችውን እናቴን የምጠይቀው በሷ ነው። ችግሩም የታወቀኝ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ነው። ፍጥነት ስጨምር የመጨረሻውን ማርሽ አልይዝ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቤንዚን ትጠጣለች። የማርሹ እጀታ ላይ ያለችውን የኦቨርድራይቭ (የመጨረሻውን ማርሽ የምትፈቅደውን) ቁልፍ ባበራ ባጠፋ ያው ነው።

ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ መንከራተት ሆነ። ስም አልጠራም። አንዱ መኪናዋን ሳይነዳት «ካምቢዮው ሞቷል፣ ያገለገለ ፈልጊ» አለኝ። ሌላው ዘይት ቀይሮ ተቀበለኝ፣ ለውጥ የለም። አንዱ ጋ አሳድሬያት ስመለስ ነዳጇ ጎድሏል። ከሁሉም የቆጨኝ ግን ጥያቄ ስጠይቅ «አንቺ አይገባሽም፣ ወንድ ይዘሽ ነይ» ያለኝ ነው። የገዛ ገንዘቤን ይዤ! የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሸጦ ሌላ መግዛትም እንደ ድሮው አይደለም። እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ሳሪስ አካባቢ ወዳሉት ሰው የላከችኝ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ነይ ልጄ፣ አንቺው ንጂያት፣ እኔ ላዳምጣት» ብለው ጎኔ ተቀመጡ። ቀለበት መንገድ ላይ ወጣን። ትንሽ እንደሄድን በጣታቸው የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን ቀስት አሳዩኝ። ከታች ፍንክች አላለም። «ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ለካ ድሮ ሞተሩ ሲግል አንድ ሰው ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያግደውን ዕቃ፣ አውልቆ ጥሎታል። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ ሞተሩ በደንብ ካልሞቀ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ማርሽ አይፈቅድም። የኔዋ ደግሞ መንገድ ላይ ነፋስ ሲመታት ጭራሽ አትሞቅም። የቀረውን እሳቸው ያውቁታል።

«ልጄ፣ ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው። ማንም እንዳይነካው» አሉኝ። መሪውን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ግዢ ቢሉኝ እኮ እገዛ ነበር! ገንዘቡን ለመበደር ሰው አናግሬ ጨርሻለሁ። ይህን እየነገርኳቸው ነው የገቡት። እሳቸው ግን ቴርሞስታት ገጥመውላት የተቀበሉኝ የዚያችው ትንሽ ዕቃ ዋጋና መጠነኛ የእጅ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ነገር እያሳዩ አስረድተውኛል። ወንድ ይዘሽ ነይ አላሉኝም።

አሁን አዳማ ደርሼ እመለሳለሁ። ፍጥነት ስይዝ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ልክ አባቴ ይነዳት በነበረ ጊዜ እንደነበረው። እናቴ ስማቸውን ሳትጠራ አትጸልይም።

እባካችሁ፣ ካምቢዮ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። ለታክሲ ሠሪ ወንድሞቻችንም ንገሩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ እሳቸውም ፈቅደውልኛል። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ አለ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።